«ከ2018ቱ ጀምሩ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ ጎድ ኦፍ ዋር ከሥሩ ይጀመር

ጎድ ኦፍ ዋር ከሚባሉት ተከታታይ የቪዲዮ ጌሞች ለዓመታት ርቀው አሁን መመለስ ለሚፈልጉ፣ እንዲሁም ጨርሶ ለማያውቁት ሰዎች የተጻፈ አንድ ምክር ሰሞኑን ብዙዎች ሲቀባበሉት አይቻለሁ። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ጀምሩ፣ የግሪኩን ዘመን፣ ማለትም ታሪካቸው ግሪክ ውስጥ የሆነውን የድሮዎቹን ጌሞች፣ ተዉት የሚል ነው። ጸሐፊው ጌሙን ከልባቸው እንደሚወዱት አጻጻፋቸው ይናገራል። ስለ 2018ቱ ያሰፈሩት ውዳሴም አብዛኛው ትክክል ነው። ምክሩ ግን ትክክል አይደለም፤ ይልቁንም የሚጎዳው ያንኑ የሚያወድሱትን ጌም ነው። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን እየተከተልኩ መልስ እሰጣለሁ። ታሪኩን ሳልገልጥ መከራከር አልችልምና፣ አንዱንም ያልተጫወተ አንባቢ እዚህ ላይ ንባቡን አቁሞ በ2005 የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም ቢፈልግ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው መከራከሪያቸው፣ የ2018ቱ ራሱን የቻለ አዲስ ጅማሬ ተደርጎ ስለተሠራ የሚያስፈልገው ሁሉ በውስጡ አለ የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። የጌሙ ሠሪ ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ አዲስ ሰው ግራ ሳይጋባ እንዲገባበት አስቦ ሠርቶታል። አገሩ ከግሪክ ወደ ሰሜን አውሮፓ፣ አማልክቱም ከእነ ዜውስ ወደ እነ ኦዲን ተቀይረዋል። ካሜራው ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከክሬቶስ ትከሻ ጀርባ ሆኖ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይከተለዋል። በዚያ ዓመት ዘ ጌም አዋርድስ ላይ የዓመቱ ምርጥ ጌም መባሉም የሚገባው ነው እላለሁ። ነገር ግን ጌሙ አዲስ ተጫዋችን ግራ አያጋባም ማለት መጀመሪያ ሊጫወቱት የሚገባው እሱ ነው ማለት አይደለም።

የዚህን ልዩነት በአንድ ቦታ ላሳይ። ጌሙ አጋማሽ አካባቢ ልጁ አትሬየስ በጠና ይታመማል። ጠንቋይዋ ፍሬያ መድኃኒቱ ያለው በሙታን አገር በሄልሄይም እንደሆነ፣ የክሬቶስ የበረዶ መጥረቢያ ደግሞ እዚያ ምንም እንደማይፈይድ ትነግረዋለች። ክሬቶስ ልጁን እሷ ዘንድ ትቶ ብቻውን በጀልባ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ እሱም ቃል አይተነፍስም። ቤት ገብቶ የወለሉን ሳንቃ ያነሳና ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ያወጣል፤ ብሌድስ ኦፍ ኬዮስ የሚባሉት ሁለቱ ባለሰንሰለት ሰይፎች ናቸው። ሰንሰለቶቹን አሮጌው ጠባሳ ላይ መልሶ ክንዱ ላይ ይጠመጥማቸዋል። የግሪኳ ሴት አምላክ አቴና ከፊቱ ቆማ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ባል ነኝ፣ አባት ነኝ ብሎ ቢያስመስልም ጭራቅነቱ እንደማይለቀው ትነግረዋለች። እሱም ጭራቅነቱን አይክድም። የእሷ ጭራቅ መሆኑ ግን ማብቃቱን ነግሯት ይወጣል።

ከ2018 የጀመረ ተጫዋች እዚህ ቦታ የሚያየው ምንድነው? አንዲት የማያውቃት መንፈስ የመሰለች ሴትና አዲስ መሣሪያ። መሣሪያው ያምራል፣ እሳት አለው፣ ሄልሄይም ውስጥ ይሠራል። ትዕይንቱ በደንብ ስለተሠራ ከባድ ነገር እየሆነ እንዳለ ይሰማዋል። ምን እንደሆነ ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም። ከ2005 የመጣው ተጫዋች እነዚያን ሰይፎች ያውቃቸዋል። ክሬቶስ ጦርነት ላይ ሊገደል አንዲት ስንዝር ሲቀረው የጦርነት አምላክ የነበረውን አሬስን ጠርቶ ሕይወቱን በነፍሱ እንደለወጠ፣ ሰይፎቹ በጋለ ሰንሰለት ሥጋው ላይ እንደተጣበቁ፣ አሬስ ባዘጋጀለት ወጥመድ በእነዚያው ሰይፎች የገዛ ሚስቱንና ሴት ልጁን እንደገደለ ያውቃል። ቆዳው የነጣው የእነሱ አመድ ስለተለጠፈበት መሆኑንም ያውቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ እነዚያን ሰይፎችና እነሱን የመሰሉ ተተኪዎቻቸውን ለሦስት ሙሉ ጌም ሲያወናጭፋቸው ኖሯል። ጣቶቹ ያስታውሷቸዋል። ፊልም ቢሆን ኖሮ ያመለጠን ክፍል ሰው ሊተርክልን ይችል ነበር። ጌም ላይ ግን ያለፈው ታሪክ እጅ ላይ የሚቀር ነገር ነው፤ የትኛውም የሁለት ደቂቃ ማጠቃለያ እጅን ሊያስተምር አይችልም። የእኔ ክርክር ዋናው ይኸው ነው። የ2018ቱ ጌም ያለፈ ሕይወቱን ከልጁ ስለሚደብቅ ሰው ነው፤ የተደበቀውን የማያውቅ ተጫዋች ከልጁ ከአትሬየስ እኩል ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፣ ደራሲዎቹ ያስቀመጡት ወንበር ግን የአባትየው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። የድሮዎቹ ደምና ቁጣ ብቻ ናቸው፣ ታሪክ የላቸውም፣ ክሬቶስ ሰው የሆነው በ2018 ነው ይላሉ። ደሙስ አለ። ቁጣውም አለ። ነገር ግን የ2005ቱ ጌም የሚከፈተው ክሬቶስ ከገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ አማልክት ትተውኛል ብሎ ራሱን ሲወረውር ነው። ዴቪድ ጃፊ የመሩት ያ ጌም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሰው ለምን መሞት ፈለገ? መልሱ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በየመካከሉ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ መጀመሪያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ከአሬስ ጋር የገባው ውል፣ ከዚያ የአቴና ቤተ መቅደስ ያለባት መንደር፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሬሳዎች።

ጭካኔውም ቢሆን እንዲሁ ለማስጨብጨብ የተቀመጠ አይደለም። የፓንዶራ ቤተ መቅደስ ውስጥ መንገዱ የሰው መሥዋዕት ካልቀረበ የማይከፈት ቦታ አለ። አንድ ወታደር በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፏል። ክሬቶስ ፍርግርጉን ዳገት ለዳገት እየገፋ ወደ እሳቱ ይወስደዋል፤ ሰውየው መንገዱን ሙሉ ይለምናል። ይህ በፊልም ቁራጭ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የሚገፋው ተጫዋቹ ነው፣ በገዛ ጣቱ፣ ቀስ እያለ። ማንሻውን የሚስበውም እሱ ነው። ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን ብሎ ዙሪያውን የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። ጌሙ እዚህ ላይ፣ አንተም ከዚህ ሰው ጋር አብረህ ነህ እያለ ነው። በ2018 ክሬቶስ ልጁን ከመግደል በፊት ልቡን እንዲያጠነክር ሲያስጠነቅቀው፣ ያንን ፍርግርግ የገፋ ተጫዋችና ያልገፋ ተጫዋች አንድ ዓይነት ነገር አይሰሙም።

የአሬስን የመጨረሻ ፍልሚያም ጸሐፊው አላነሱትም፤ እኔ ግን ሳላነሳው አላልፍም። አሬስ ክሬቶስን ያቺ ሌሊት ወዳለችበት ሕልም ይጥለዋል። ሚስቱና ልጁ በሕይወት አሉ። ሊገድሏቸው የሚመጡት ደግሞ በእሱ መልክ የተሠሩ በርካታ ክሬቶሶች ናቸው። ተጫዋቹ የክሬቶስን መልክ ከክሬቶስ ቤተሰብ ላይ እየመለሰ ይዋጋል። ቤተሰቡ ሲጎዳ መድኃኒት የለም፤ ያለው ማቀፍ ብቻ ነው። ተጠግቶ ሲያቅፋቸው ከራሱ ሕይወት ተቀንሶ ለእነሱ ይሰጣል። በዚያ ሁሉ ደም መሀል፣ ለመግደያ ብቻ ያገለግሉ በነበሩት ቁልፎች አሁን ቤተሰቡን ያቅፍባቸዋል። ከዚያም አሬስ ሰይፎቹን ነጥቆ ያንኑ ግድያ ይደግመዋል። ይህን ታሪክ የለውም የሚል ሰው ጌሙን እስከ መጨረሻው አልተጫወተውም፣ ወይም ረስቶታል ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

መደምደሚያውም አለ። አማልክት ኃጢአትህን ይቅር እንላለን ብለውት ነበር፤ አሬስን ገድሎ ሲመጣ ይቅርታውን አገኘ። ቅዠቱን እናጠፋልሃለን ግን አላሉም። ክሬቶስ እንደገና ወደ ገደሉ የሄደው ያን ሲሰማ ነው። አቴና አንስታ የጦርነት አምላክ ዙፋን ላይ አስቀመጠችው። በ2018 ጫካ ውስጥ የምናገኘው ዝምተኛ ሰው ይቅርታ ቅዠትን እንደማያጠፋ የተማረው ያኔ ነው። ኮሪ ባርሎግ የ2018ቱን ሲመሩ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም፤ እሳቸው ራሳቸው በ2007 ሁለተኛውን የመሩ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በትክክል ያነሱት አንድ ነገር አለ። የድሮዎቹ ሴቶችን የሚያሳዩበት መንገድ አሳፋሪ ነው። የወሲብ ጨዋታዎቹ ለታሪኩ ምንም አይጨምሩም፤ አስገዳጅ ስላልሆኑ አልፏቸው መሄድ ይቻላል። በሦስተኛው ጌም ደግሞ ክሬቶስ አንዲትን የምትለምን ሴት እየጎተተ ወስዶ በሩ እንዳይዘጋ መዘውሩ ላይ የሚያጣብቅበት ቦታ አለ። ያንን ማለፍ አይቻልም፣ ማየቱም ይከብዳል። ጌሞቹ ለአዋቂ የተሠሩ ናቸውና ወላጆች ለልጆቻቸው ሊፈቅዱ አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የድሮውን ሁላችንም ፕሌስቴሽን ቤት ተጫውተነዋል፣ እናውቀዋለን የሚለው ነው። ይህ የእኛን አገር አንባቢ በተለይ ስለሚመለከት ረጋ ብዬ ልየው። አዲስ አበባም ሆነ ክልል ከተሞች ውስጥ ፒኤስ ቱ የተጫወትነው በሰዓት እየከፈልን ነው። ሰዓት በገንዘብ ሲቆጠር ገጸ ባሕርያቱ ሲያወሩ ቆሞ የሚያዳምጥ የለም፤ ከጀርባ ወረፋ የሚጠብቀው ልጅም «በቃ ግባበት» እያለ ነው። ጌሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ በጎኑ በሚካሄደው የኳስ ጫጫታ ተሞልቷል። ሚሞሪ ካርዱ የሁሉም ስለሆነ ሴቭ ያደረግነው በማግስቱ ተደምስሶ እናገኘዋለን። በዚህ ምክንያት መርከቡ ላይ ያለውን ባለብዙ ራስ ጭራቅ ሃይድራን ደጋግሞ የገደለ፣ ከአቴንስ ከተማ ግን አልፎ የማያውቅ ተጫዋች በየሰፈሩ ሞልቷል። ሃይድራን እናውቃለን። ክሬቶስን አናውቅም። እንዲያውም መልሶ መጀመር ለማን ይገባል ብባል፣ ከማንም በፊት ለዚያ ትውልድ እላለሁ፤ እጁ ጌሙን ያስታውሳል፣ ታሪኩን ግን በሰላም ተቀምጦ ሰምቶት አያውቅም። ያንን ሰው «አንተማ ጨርሰኸዋል» ብሎ ወደ 2018 መላክ በጨቅላነቱ የተነጠቀውን ነገር ሁለተኛ መንጠቅ ነው።

ካሜራውና ቁልፎቹ አርጅተዋል የሚለው አራተኛ ነጥብ በጥቂት ቃላት ይመለሳል። ካሜራው ቆሞ የሚጠብቅ መሆኑ ጉድለት ሳይሆን ምርጫ ነው። ግዙፉ ፍጡር ክሮኖስ የፓንዶራን ቤተ መቅደስ በጀርባው ተሸክሞ በአሸዋው ላይ ሲድህ ክሬቶስ ነጥብ አክሎ የሚታየው ካሜራውን ማንም ስለማያዞረው ነው። የ2005ቱ ውጊያ ዛሬም ፈጣንና ለእጅ ታዛዥ ነው። የቀኝ አናሎጉ ካሜራ ሳይሆን ማምለጫ መሆኑን ለመልመድ የመጀመሪያው መርከብ ይበቃል። አሰልቺ ቦታ የለውም አልልም። ሲኦል ውስጥ ያሉት የሚሽከረከሩ ባለስለት ዓምዶች ያኔም ያናድዱ ነበር፣ አሁንም ያናድዳሉ። ደጋግሞ የሞተ ተጫዋችን ጌሙ ራሱ ላቅልልህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሺ ማለት ነውር አይደለም።

አምስተኛው፣ የግድ ሁሉን ልጫወት የሚል ካለ በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ይሂድ፣ ማለትም በ2013 ከወጣው አሴንሽን ይጀምር የሚለው ነው። ይህ ከ2018 ጀምሩ ከሚለውም የባሰ ምክር ነው። አሴንሽን የሚጀምረው ክሬቶስ ቤተሰቡን ከገደለ በኋላ ነው፤ የ2005ቱ ጌም ሰዓታት ሙሉ ቀስ እያለ የሚያደርሰንን ምስጢር ገና ሲከፈት ይዘረግፈዋል። የተሠራውም መልሱን ለሚያውቅ ተጫዋች ነው። በፒኤስፒ፣ በእጅ በሚያዘው የሶኒ ማጫወቻ፣ ለወጡት ለሁለቱ፣ ማለትም ለቼይንስ ኦፍ ኦሊምፐስና ለጎስት ኦፍ ስፓርታ፣ ጊዜ ያለው ሰው ከሦስተኛው በኋላ ይመለስባቸው። ሁለተኛው ጥሩ ነው፤ የወንድሙን የዴይሞስን ታሪክ ይዟል። ባይጫወቷቸው ግን ዋናው መስመር አይበጠስም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ፤ ጊዜና ጌሙን ማግኘት። ጊዜውን በተመለከተ ስጋቱ ከመጠን በላይ ነው። የ2005ቱን ያለ ጥድፊያ አሥር ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ የ2018ቱ ዋናው ታሪክ ብቻ የዚያን እጥፍ ያህል ይፈልጋል። ስለማግኘቱ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፒኤስ ቱ ጌሞች ናቸው፤ በ2009 ተጣምረው ለፒኤስ ስሪ ወጥተዋል። ሦስተኛው በ2010 ለፒኤስ ስሪ፣ በ2015 ደግሞ ታድሶ ለፒኤስ ፎር ወጣ። በፒሲ ያሉት የ2018ቱና ተከታዩ ራግናሮክ ብቻ ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ ኢትዮጵያ ፕሌስቴሽን ኔትወርክ የሚባለው የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ራግናሮክ በ2024 በፒሲ ሲወጣ የዚያን አካውንት ይጠይቅ ስለነበር እኛን ከመሰሉ አገሮች ገበያ ውጭ ሆኖ ነበር። ሶኒ ግዴታውን ያነሳው በ2025 መጀመሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም መፍትሔው የግሪኩን ዘመን መተው አይደለም። አሮጌ ፒኤስ ስሪ ያለው ሰው መንገዱ ክፍት ነው፤ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ተጫውቶ ወደ 2018 ይሻገር። ፒኤስ ቱ ያለው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያገኛል። ዲስኩ ኖሮት ማጫወቻው የሌለው በኮምፒውተሩ ኢሙሌተር፣ ማለትም ማጫወቻውን በሚመስል ፕሮግራም፣ ሊያስኬደው ይችላል። ፒኤስ ፎር ብቻ ያለው የታደሰውን ሦስተኛውን ያገኛል፤ ነገር ግን ሦስተኛው የኦሊምፐስን ጦርነት ከመሀሉ ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊት የአንደኛውንና የሁለተኛውን ሙሉ ጨዋታ ዩቲዩብ ላይ ቢያይ ይሻላል። ማጠቃለያ ቪዲዮ አይበቃም፤ ሙሉውን ይይ። ፒሲ ብቻ ያለው ሰው በ2018 ቢጀምር ማንም አይፈርድበትም። ችግር ሲያስገድድ ከመሀል መግባትና ከመሀል መግባት ይሻላል ብሎ ለሁሉም ማስተማር ግን አንድ አይደሉም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሷቸው ሰዎች ቀርተዋል፤ በ2018 ጀምረው አሁን ራግናሮክን የጨረሱት። ለእነሱ ቫልሃላ የሚባለው በታኅሣሥ 2023 በነጻ የተጨመረው ክፍል አለ። ክሬቶስ እዚያ የሚገጥመው የሰሜን አማልክትን ብቻ አይደለም። የግሪክ ሥፍራዎች አንድ በአንድ ይመለሱበታል፤ የኦሊምፐስ ሰይፍ እጁ ላይ ይገባል። በሦስተኛው ጌም በእጁ ከአንገቱ ነቅሎ እንደ ፋኖስ የተጠቀመበት የሂሊየስ ራስ ያናግረዋል፣ ይሳለቅበታል። ከወገቡ ደግሞ ሌላ የተቆረጠ ራስ ተንጠልጥሏል፤ ወዳጁ ሚሚር። መጨረሻ ላይ የጦርነት አምላክ ዙፋን ላይ ከተቀመጠው ከወጣቱ ከራሱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ባለቤቶቹ ራሳቸው የክሬቶስን ነገር መቋጨት ሲፈልጉ ወደ 2005 ነው የተመለሱት። እዚህ የደረሰ ተጫዋች የሂሊየስን ስም እዚያው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማ፣ ቫልሃላን እዚያ ላይ አቁሞ ሄዶ ሦስቱን ይጫወት። ሴቩ አይጠፋም፤ ተመልሶ ሲመጣ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠውን ወጣት ያውቀዋል።